የሰው ሙገሳ ተለዋዋጭነት፦ ለሆሳዕና የትኛው ምንባብ ይሻላል?

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የ30 ደቂቃ ትምህርት አለ። «እሑድ ሆሳዕና ያለው ሕዝብ ዓርብ ስቀለው አለ» ማለት ብቻ ይበቃል?

መልስ (ሞጣ)፦ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወንጌሉ ያው ሕዝብ ነው አይልም፤ ማርቆስ 15፥11 የካህናት አለቆች ሕዝቡን እንዳነሣሡ ነው የሚነግረን። ለዚህ ርእስ የሐዋርያት ሥራ 14 ይሻላል። ልስጥራን በተባለች ከተማ እግሩ የሰለለው ሰው በጳውሎስ ቃል ተነሥቶ ሲራመድ ሕዝቡ ጳውሎስንና በርናባስን አማልክት ብለው ኮርማ ሊሠዉላቸው አመጡ፤ በቁጥር 19 ከአንጾኪያና ከኢቆንዮን የመጡ ሰዎች ሲያግባቧቸው ጳውሎስን ወገሩት። 20 ደቂቃውን እዚህ አውሉት። ቁጥር 14ን እንዳትዘሉ! ሐዋርያቱ ልብሳቸውን የቀደዱት ሲወገሩ ሳይሆን ሲወደሱ ነው።

መልስ (ባሕር ዳር)፦ ከዚያው ከሐዋርያት ሥራ 28፥3–6ንም ጨምሩ። በመላጥያ ደሴት እፉኝት በጳውሎስ እጅ ላይ ስትንጠለጠል የአገሩ ሰዎች ነፍሰ ገዳይ፣ ሳይሞት ሲቀር አምላክ አሉት።

መልስ (ቢቸና)፦ የቅኔ ተማሪ ካለ ምሳሌው ደጁ ነው፦ አድማጭ በአድናቆት «ይበል!» ስላለ የጎደለ ቤት (የቅኔው ስንኝ) አይሞላም፣ መምህሩ ነው የሚያርመው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ወጣቱ «እንግዲያ ሰው አልሰማም» ብሎ ምክርንም ሲንቅ ነው። ዮሐንስ 12፥43 የሚነቅፈው ከእግዚአብሔር ክብር የሰውን ክብር ማብለጥን እንጂ ተግሣጽ መስማትን አይደለም። ለተግባሩ በማቴዎስ 6፥3 መሠረት አንድ ሳምንት በስውር ይመጽውቱ፤ ስንት እንደሰጡ ግን አትጠይቋቸው።