ዳገት ላይ ለምትከብድ ልጅ የሚመች ማዘያ ጠቁሙኝ

ልጄ 2 ዓመት ሊሞላት ነው፤ 11 ኪሎ ትመዝናለች። መራመዱን ትችልበታለች፤ ዳገት ስታይ ግን እጇን ዘርግታ «እዘይኝ» ነው። የጎንደርን ዳገት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጋሪ ግዢ እንዳትሉኝ፤ በእኛ ሰፈር ኮብልስቶን ጋሪ ልጅ ማንገጫገጫ ነው።

እናቴ የሰጠችኝ አንቀልባ ዛጎሉ ያምራል፤ ማንገቻው ግን ቀጭን ጠፍር ስለሆነ ትከሻዬ ላይ ሰንበር ያወጣል። በጋቢ ሳዝላት ደስ ይላታል፤ ነገር ግን ቋጠሮው እየላላ ልጅቱ ወደ ታች ስትንሸራተት፣ ከቅዳሜ ገበያ የያዝኩትን ዘንቢል በየመንገዱ እያስቀመጥኩ ማጥበቅ ሆነ ሥራዬ።

ጨርቁ ከአንዱ ጉልበት እስከ ሌላው ጭኗን ደግፎ፣ ጉልበቷ ከመቀመጫዋ ከፍ እንዲል ማድረግ አለበት። ሰፊ የወገብ ቀበቶ ካለውም ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ሱቅ ያየሁት ሁሉ ግን ለአራስ የተሰፋ ነው፤ መቀመጫው ጠባብ፣ እግሯን አንጠልጥሎ የሚያስቀር።

ስለዚህ ልብስ ሰፊ ጋር ላሰፋ አስቤአለሁ። ጨርቁ ጂንስ ይሻላል ወይስ ወፍራም የሽመና ሥራ? ማንገቻው ውስጥስ ምን ይሞላበት? ያሰፋችሁ ካላችሁ ስፋቱንና ቁመቱን ንገሩኝ። ያለ ረዳት ብቻዬን ጀርባዬ ላይ የማወጣበትን ዘዴም አትርሱብኝ።