የአማርኛ ጽሑፍ በሲ አምድ ይዞ አልወጣ አለኝ

ሲ (C) የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምማረው ብቻዬን ነው። ኡቡንቱ ላይ አብረው የሚመጡትን የማን (man) ገጾች፣ ማለትም መመሪያዎቹን፣ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ወዲያው በጂሲሲ (gcc) ኮምፓይለር እሞክራለሁ። ኢንተርኔት ሲጠፋም ስለሚሠሩ ወድጃቸዋለሁ።

አሁን የዕቃ ስምና ዋጋ በአምድ የሚያሳይ ፕሮግራም እየጻፍኩ ነው። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ሲሆኑ ልክክ ይላል። በአማርኛ ሲሆኑ ግን ዋጋው ወዲያና ወዲህ ይላል። ምክንያቱን አገኘሁት፤ የጽሑፍ ርዝመት የሚለካው ስትርሌን (strlen) «በርበሬ»ን 12 ብሎ ይቆጥራል። ፊደል በባይት በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አሠራር አንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ጽሑፍ የሚያወጣው ፕሪንትኤፍም (printf) ክፍተቱን የሚሞላው ባይት ቆጥሮ ነው።

ስለዚህ የቋንቋ ቅንብሩን የሚያዘጋጀውን ሴትሎካልን (setlocale) ጠርቼ ስሞቹን እያንዳንዱ ፊደል እንደ አንድ ወደሚቆጠርበት ዋይድ ካራክተር ቀየርኩ። ርዝመቱ 4 ሆነ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ርዕሱን በፕሪንትኤፍ፣ ዝርዝሩን ዋይድ ካራክተር በሚያወጣው በደብሊውፕሪንትኤፍ (wprintf) አወጣሁ። ርዕሱ ታየ፤ ዝርዝሩ ግን ድምጥማጡ ጠፋ! ኮምፓይለሩ ምንም አላለም። ደብሊውፕሪንትኤፍ የመለሰውን ሳይ -1 ነው።

የማን ገጹ ወደ ኤፍዋይድ (fwide) ገጽ መራኝ። እዚያ እንደተጻፈው አንድ ስትሪም (ጽሑፉ የሚወጣበት መስመር) አንዴ በባይት ወይም በዋይድ ከተጀመረ እስኪዘጋ ድረስ አይቀየርም። ይህ ገብቶኛል። የትኛውን መንገድ እንደምይዝ ግን መመሪያው አይነግረኝም። ሁሉንም ወደ ደብሊውፕሪንትኤፍ ብቀይር፣ ነገ የምጨምረው ላይብረሪ (ሌላ ሰው ያዘጋጀው ኮድ) በፕሪንትኤፍ የሚጽፍ ከሆነ ጽሑፉ እንዳይጠፋ እሰጋለሁ።

እናንተ በአማርኛ ስትሠሩ ሁሉንም በደብሊውፕሪንትኤፍ ታወጣላችሁ ወይስ ፊደሉን በደብሊውሲኤስሌን (wcslen) ቆጥራችሁ ክፍተቱን ራሳችሁ እየሞላችሁ በፕሪንትኤፍ ትቀጥላላችሁ?