ልጄ የባንክ ሥራዋን ትታ ሱቁን ልረከብ አለችኝ፤ ምክንያቷ ምን ይሆን?

ጠያቂ፦
በመርካቶ ሸማ ተራ ለ31 ዓመታት ጨርቅ ሸጫለሁ። ሴት ልጄ በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ ባንክ ከገባች አራት ዓመቷ ሲሆን፣ ከፋሲካ ወዲህ ሥራዋን ለቅቃ ሱቁን መረከብ እንደምትፈልግ ትነግረኛለች። አባቴ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ያከራየው የነበረው ቤት ስለተወረሰበት «ተማሩ፤ ትምህርት አይወረስም» እያለ አሳደገን፤ እኔም ለልጆቼ ይህንኑ ስደግም ኖሬአለሁ። ታዲያ የተማረ ልጅ ወደ ሱቅ የሚመለሰው ለምንድን ነው? አዝናልኝ ከሆነ አልፈልገውም።

የእህል በረንዳው፦
ጌታዬ፣ እኔም ምህንድስና ተምሬ ወደ አባቴ የእህል መጋዘን የተመለስሁ ነኝ። ብዙዎች ገንዘብ የሳበኝ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የማገኘው ከቀድሞ ደመወዜ ያነሰ ነበር። አባቴ ታሞ በተኛበት ክረምት አንድ የአርሲ ነጋዴ ሙሉ መኪና ስንዴ ያለ ቼክና ያለ ፊርማ አራግፎልኝ፣ «የእሱ ልጅ አይደለህ?» ብሎኝ ሄደ። በመሥሪያ ቤቴ ለፕሪንተር ቀለም ሦስት ፊርማ እለምን ለነበርሁት ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። እንዲህ ያለው እምነት በአዋጅ አይወረስም፣ በኑዛዜም አይተላለፍም፤ የሚያገኘው ባለቤቱ በሕይወት ሳለ አጠገቡ ቆሞ የሠራ ልጅ ብቻ ነው። ልጅዎም የብድር ማመልከቻ ስትመረምር ውላ፣ እርስዎ በቃል ብቻ የሚያንቀሳቅሱትን ዕቃ ዋጋ አስልታው ይሆናል።

የሒሳብ ባለሙያ፦
ወንድሞችና እህቶች አሏት? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች ውርስን እኩል ስለሚካፈሉ፣ አንዷ ለፍታ ያሳደገችው ሱቅ ኑዛዜ ከሌለ ለሁሉም እኩል ሊከፈል ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉት ስለነበር የልጆችን ስም ለቁጥር ማሟያ ማስገባት የተለመደ ነበር፤ ቃለ ጉባኤ ፈርሙ ሲባሉ ብቻ አባል መሆናቸውን ያወቁ ልጆች አጋጥመውኛል፣ ከእነዚያም መካከል ወደ ንግዱ የተመለሰ አላየሁም። የ2013 ዓ.ም. ሕግ በአንድ ሰው ብቻ ማኅበር ማቋቋምን ስለፈቀደ የማሟያ ስም አያስፈልግም። ስሟን የሚያስገቡ ከሆነ እውነተኛ ድርሻና ዕቃ መርጣ የመግዛት ሥልጣን አብረው ይስጧት።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ራሷን ጠየቅኋት። «በ12 ዓመቴ የለካሁትን ጨርቅ ደንበኛው ጎድሏል ሲል፣ አንተ መልሰህ ሳትለካ ልጄ አትሳሳትም አልኸው» አለችኝ። እኔ ፈጽሞ አላስታውሰውም። ወንድሞቿን ለእሁድ ጠርቻቸዋለሁ።