ስቴንለስ ስናጥፍ የሚወጣው ጭረት በምን ይጥፋ?

ባለላሜራው (ገላን)፦
ሰላም የሙያ ወንድሞች። ገላን ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። አንድ ደንበኛ ለካፌው ባንኮኒ አዞኝ 1.5 ሚሊ ስቴንለስ፣ 304 የሚባለውን፣ ገዝቼ በፕሬስ አጠፍኩለት። ማዕዘኑ አንደኛ ነው። ግን በውጭ በኩል ከመታጠፊያው ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ወጣ፣ የባቡር ሐዲድ በሉት። ሰውዬው በጣቱ ዳሰሰና «ያገለገለ ነው እንዴ?» አለኝ። ከስር ጋዜጣ አነጠፍኩ፣ ተቀደደ። ግሪስ ቀባሁ፣ እጄ ጠቆረ እንጂ መስመሩ እዛው ነው። ገና 12 ቁራጭ ይቀረኛል፣ ምን ይሻላል?

አለምገና_ብየዳ፦
ላሜራው ላይ ተለጥፎ የሚመጣውን መከላከያ ፕላስቲክ ለምን ላጥከው? እኔ ደንበኛው ቤት ወስጄ ከገጠምኩ በኋላ ነው የምልጠው።

ባለላሜራው፦
አልላጥኩትም እኮ! መታጠፊያው ላይ ተቦጨቀ፣ መስመሩም ከስሩ ወጣ።

የፋብሪካ_ልጅ (ቃሊቲ)፦
ፕላስቲኩ ስታነሳ ስትጥል ከሚመጣ ጭረት ያድንሃል፣ ከዳዩ (ላሜራው የሚታጠፍበት የV ቅርጽ ያለው የታችኛው ብረት) ግን ብዙም አያስጥልም። ፓንቹ (ከላይ የሚጫነው ብረት) ሲወርድ ላሜራው ወደ ታችኛው ዳይ እየገባ በሁለቱ ጠርዞች ላይ ይንሸራተታል፣ ጉልበቱ በሙሉ ደግሞ እነዛ ቀጫጭን ጠርዞች ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ ሐዲድ ያልካቸው የዳዩ ሁለት ትከሻዎች ናቸው። የዳይህ አፍ ስንት ሚሊ ነው? የተለመደው የላሜራው ውፍረት 8 እጥፍ ነው፣ ላንተ 12 ሚሊ ማለት ነው። ከዛ ከጠበበ ይብስብሃል። ወደ 16 ብትወጣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ምልክቱም ይለዝባል። በነጻ ግን አይደለም። በ12ቱ 2.5 ሚሊ ገደማ የሚሆነው የውስጥ ኩርባ በ16ቱ ከ3 ያልፋል፣ ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት የዝርጉን (ያልታጠፈውን ላሜራ) ልኬት እንደገና አስላ። በ16ቱ ዳይ የሚታጠፈው ጠርዝ ስፋት ከ12 ሚሊ ካነሰ ደግሞ ዳዩ ውስጥ ይገባብሃል።

ትልልቆቹ ቤቶች ዳዩ ላይ ዩሪቴን ይዘረጋሉ። እንደ ጎማ የሚለጠጥ ግን ጠንካራ የሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ንጣፍ ነው። ላሜራው ብረት ሳይነካ ይታጠፋል። ጋዜጣው የተቀደደብህ ስለማይለጠጥ ነው።

ባለላሜራው፦
አሁን ለካሁት፣ 10 ነው ለካ! የ16 ዳይ ከጎረቤት እዋሳለሁ። ዩሪቴን ግን ጠይቄ አጣሁ።

ጋሽ_ሰበታ፦
ልጄ፣ ዩሪቴን ከጠፋ ስስ ቆዳ ከመርካቶ ግዛና ዳዩ ላይ አንጥፍ። እኛ ድሮም በሱ ነው የሰራነው። ሲበሳሳ ገፋ አድርገህ ያልተጎዳውን ቦታ ታመጣዋለህ።

ደግሞ አንድ ልጠይቅህ፣ በዛው ዳይ ጥቁር ብረት ታጥፋለህ አይደል? ቅርፊቱ ጠርዙ ላይ ይጣበቅና ቀጥሎ የሚመጣውን ስቴንለስ ይቦጭረዋል። ከዛም ይብሳል፣ የብረቱ ብናኝ ስቴንለሱ ውስጥ ይቀበርና በኋላ ዝገት ያወጣል፣ ሰውም «ስቴንለስህ ይዝጋል» ብሎ ስምህን ያጠፋል። ጠርዙን በጥፍርህ ዳስስ። የሚይዝህ ነገር ካለ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት በርዝመቱ አለስልሰው፣ ከዛ በንጹህ ጨርቅ ጥረግ። ከእያንዳንዱ እጥፋት በፊት ላሜራውንም ጥረገው፣ በተለይ በርህ መንገድ ዳር ከሆነ። የሲኖትራክ አቧራ ከብርጭቆ ወረቀት አይተናነስም!

ባለላሜራው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። በሬ መንገዱ ላይ ነው፣ እንዴት አወቁብኝ? አስቀድሞ የተጫረውንስ ምን ላድርገው?

አለምገና_ብየዳ፦
የተቦረሸው ዓይነት (ላዩ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ያሉት) ከሆነ በስኮች ብራይት (ሻካራ መፈተጊያ) በእነዛ መስመሮች አቅጣጫ ብቻ ፈትገው፣ ብዙው ይሸፈናል። ዙሪያውን ካዞርክበት ግን አበቃለት። እንደ መስታወት የሚያበራው ዓይነት ከሆነ ሌላ ላሜራ ቁረጥ፣ አትድከም።

ባለላሜራው፦
የተቦረሸው ነው፣ ተመስገን። ቆዳውን አንጥፌ በ16ቱ ዳይ ቁርጥራጭ ላይ ሞከርኩ። ሐዲዱ የለም! በብርሃን ካላዘነበልከው ምንም አይታይም። ግን 90 ያልኩት 93 ሆኖ ወጣ።

የፋብሪካ_ልጅ፦
ዳዩ ስለሰፋ ነው። ፓንቹን ትንሽ ትንሽ እያወረድክ እዛው ቁርጥራጭ ላይ 90 አምጣው፣ ከዛ በፊት ዋናውን ላሜራ እንዳትነካ።