በጥር ብርድ በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ወፍ ለማየት፦ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ይዤ?

የስፕሪንግፊልዷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ7 እና የ10 ዓመት ልጆች ይዤ በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ወፍና አውሬ ለማየት እንወጣለን። ከሁለቱ የተፈጥሮ ፓርኮች ሀንትሊ ሜዶስ ይሻላል ወይስ ሜሰን ኔክ? ስንት ሰዓት እንድረስ? ባይኖኩላር ልገዛ ነው፤ አንዱ 8 በ42፣ ሌላው 10 በ42 ይላል፣ ልዩነቱ አልገባኝም። ልጆቹ ደግሞ ነጭ ራስ ያለውን ንስር ካላየን ብለዋል።

ጉጉት፦
ለመጀመሪያ ቀን ሀንትሊ ሜዶስ። መግቢያው ነጻ ነው፣ በሎክሂድ ቡሌቫርድ በኩል ግቢ። ጫካውን ስታልፉ ረግረጉ ላይ የተዘረጋው የእንጨት መንገድ ይጀምራል፤ ግማሽ ማይል ያህል ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ግን እንጨቱ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል፣ ልጆቹ እንዳይሮጡ።
ፀሐይ በጥር በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 7፡25 ገደማ ስለምትወጣ 7፡30 ላይ ከመኪና ውረዱ። የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ዘግይቶ ነው የሚከፈተው፣ ሽንት ቤት ከቤት ተጠቅማችሁ ኑ። ውሃው ላይ ካሉት ዳክዬዎች ፒንቴልን በረጅም ቀጭን ጅራቱ፣ ሾቨለርን በሰፊ መንቆሩ፣ ሁድድ መርጋንሰርን ወንዱ ራስ ላይ ባለው ነጭ ጉትዬ ትለያላችሁ። በነገራችን ላይ ፒንቴልና ሾቨለር በእነዚሁ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ ወርደው የአገራችን ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይም ይከርማሉ።
ብርዱ ለቀናት ከጸናና ኩሬው ሙሉ በሙሉ በረዶ ከሆነ ግን አትልፊ። ዳክዬዎቹ ምግባቸው ከበረዶው ሥር ስለሚቀር ወደ ክፍት ውሃ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ቤል ሄቨንና ዳይክ ማርሽ የሚባሉት ቦታዎች ይሻላሉ። ወንዙ እዚያ ድረስ ከባሕሩ ጋር ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ሰዓቱን አስቀድመሽ እዪ፣ ሲጎድል ጭቃው ስለሚገለጥ ወፉ ይበዛል።

ሌንስ፦
ስለ ባይኖኩላሩ ልመልስ። 8 ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ነው፤ 42 የፊቱ መስታወት ስፋት በሚሊሜትር። 42ን ለ8 ስታካፍዪ 5.25፣ ለ10 ደግሞ 4.2 ይመጣል፤ ይህ ቁጥር በጨመረ መጠን በንጋት ጨለምለም ሲል ምስሉ ይበራል። 10 የእጅ መንቀጥቀጥንም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ጠባብ ስለሆነ የሚበር ወፍ ያመልጣል። 8ን ውሰጂ። ለትንሹ ልጅ 8 በ32 ይቀልላል፤ ከመግዛትሽ በፊት ግን መሃሉ ላይ ታጥፎ ለልጁ ዓይን እስኪጠብ ድረስ መግጠሙን ሞክሪ። ሁለት ክብ ከታየው አይሆነውም።
ለማስተካከል፦ የቀኙን የፊት መስታወት በእጅሽ ሸፍነሽ በግራ ዓይንሽ ብቻ እያየሽ መሃል ያለውን አዙሪ እስኪጠራ። ከዚያ ግራውን ሸፍነሽ፣ መሃሉን ሳትነኪ፣ ቀኝ ዓይን ጋ ያለውን ቀለበት አዙሪ። ልጆች ሲቀባበሉት ያ ቀለበት ይዞራል፤ ምስሉ ከደበዘዘ መጀመሪያ እሱን እዪ። ጉም ከሠራበት በትንፋሽ አትጥረጊ፣ ይብሳል። ከሞቀ መኪና እንደወጣ ጥቂት ደቂቃ ብርዱን ይልመድ።

ረግረግ፦
ከጉጉት ጋር አልስማማም። ልጆቹ ንስር ካሉ ሜሰን ኔክ ነው፤ በ1969 የተከለለውም ለዚያው ወፍ ነው። ግሬት ማርሽ የሚባለው መንገድ አስፋልት ነው፣ ሦስት ሩብ ማይል ሄዶ ረግረጉን ፊት ለፊት የሚያሳይ ቦታ ላይ ያቆማል። እዚያ ቆማችሁ ጠብቁ። ንስሮቹ በዚህ ወቅት ጎጆ ያድሳሉ፣ ከጥር መጨረሻ ጀምሮ እንቁላል ይጥላሉ፤ ስለዚህ አንዳንድ መንገዶች ይዘጋሉ፣ ምልክቱን አትለፉ።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጥንብ አንሳው ነው። ጥንብ አንሳ ክንፉን ወደ ላይ ቀና አድርጎ እየተወዛወዘ ይንሳፈፋል፤ ንስር ክንፉን ዘርግቶ ቀጥ ይላል። ጫጩቱ አድጎ ራሱ እስኪነጣ አራት አምስት ዓመት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ቡናማውን ትልቅ ወፍ «አይደለም» ብላችሁ አትለፉት።
ልጆቹ ላባ ካገኙ እንዲተዉት ንገሪያቸው። የንስር ላባ መያዝ ከ1940 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው፣ የአብዛኛው ሌላ ወፍ ላባም እንደዚያው።

የስፕሪንግፊልዷ፦
አመሰግናለሁ። ጫካው ውስጥ ስንሄድ ግን ምንም አይታይም፣ ጸጥ ይላል። ለምን?

ጉጉት፦
ትናንሾቹ ወፎች በብርዱ ወራት ተቀላቅለው በመንጋ ስለሚዞሩ ነው፤ ሩብ ሰዓት ባዶ፣ ከዚያ በአንድ ዛፍ ላይ አምስት ዓይነት። መንጋውን የሚመራው ብዙ ጊዜ ቺካዲ ነው፣ ጥቁር ቆብና ጥቁር አገጭ አለው፣ «ቺካ-ዲ-ዲ» ይላል። ድምፁን ስትሰሙ ቁሙ፤ ቲትማውስ፣ ነትሃች፣ ግንደ ቆርቁርም ከኋላው ይመጣሉ። ቅጠሉ ስለረገፈ ሁሉም ይታያል። ድምፅ የሚለየውን መርሊን የተባለ ነጻ መተግበሪያ ቤት አውርዱ፣ የአካባቢውን ፋይል ጭምር፤ ስልኩን ኮት ውስጥ ያዙት፣ በብርድ ባትሪው ቶሎ ይሞታል።

ረግረግ፦
መዥገርም አትርሱ። ሙቀቱ ከዜሮ በላይ በሆነ ቀን የአጋዘን መዥገር በጥርም ይነክሳል፤ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ይክተቱ፣ ማታ ከጉልበት ጀርባና ከጆሮ ኋላ እዪ። አመሻሹ ላይ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ወደ ሜሰን ኔክ በሚወስደው ገንስተን ሮድ ላይ ቀስ በዪ። አንድ አጋዘን ከተሻገረ ሁለተኛው ከኋላው አለ።