የኤሚል ስታንግ ካቢኔ፦ አንድ መንግሥት፣ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትር?

ሰሜን ኮከብ፦
ሰላም ወገኖች። የኖርዌይን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ እያነበብኩ የኤሚል ስታንግ የመጀመሪያ ካቢኔ ላይ ስደርስ ግራ ገባኝ። ከ1889 እስከ 1891 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንግ ነው ይላል፤ ወረድ ስል ግሬገርስ ግራም የሚባልም ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ ተቀምጧል። እንዴት ነው ነገሩ? ደግሞስ ወግ አጥባቂዎቹ "ሚኒስትር የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሡ ነው" ባዮች አልነበሩም? ታዲያ ስታንግ ፓርላማ ውስጥ በድምፅ ስለተሸነፈ ለምን ወረደ?

የመዝገብ ቤት ልጅ፦
የሁለቱ ነገር ቀላል ነው። ከ1814 እስከ 1905 ኖርዌይና ስዊድን ንጉሣቸው አንድ ነበር፣ ንጉሡ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ስቶክሆልም ነው። ስለዚህ የኖርዌይ መንግሥት ዋናው ክፍል ክርስቲያንያ (የዛሬዋ ኦስሎ) ሆኖ፣ አንድ ጠቅላይ ሚኒስትርና ሁለት ሚኒስትሮች ንጉሡ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ግራም የስቶክሆልሙ ነው። ሁለቱ ሚኒስትሮች በየተራ ስለሚቀያየሩ፣ ዝርዝሩ ላይ አንዱን ሰው አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብታገኘው አይግረምህ።

አቦል፦
ሁለተኛው ጥያቄህ ነው የሚጥመው። ነገሩ የሚጀምረው ከአባትየው ከፍሬድሪክ ስታንግ ነው። ፓርላማው ስቶርቲንግ ሚኒስትሮች እየቀረቡ ይከራከሩ ብሎ ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ወሰነ፣ ንጉሥ ዳግማዊ ኦስካር እምቢ አለ። በ1880 ለሦስተኛ ጊዜ ሲወስን ንጉሡ አሁንም አላጸድቅም አለ፤ አባት ስታንግ በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀና ክርስቲያን ሰልመር ተተካ። የንጉሡን ሥልጣን የሚቃወሙት ሊበራሎች፣ ቬንስትረዎች፣ በ1882 ምርጫ አሸነፉና መላውን ካቢኔ ከሰሱት! የካቲት 27 ቀን 1884 ሰልመር ከሥልጣን እንዲነሳ ተፈረደበት። ቀጥሎ የመጣው የሽቫይጎር ካቢኔ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ወደቀ፣ ንጉሡም ሳይወድ በግድ የቬንስትረውን ዮሃን ስቨርድሩፕን ሾመ።

ኤሚል ይህን ሁሉ አይቷል። በዚያው በ1884 የተመሠረተውን የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ ሆይረን የመራው እሱ ነው፤ የቬንስትረዎች መከፋፈል ነው በ1889 በሩን የከፈተለት። በ1891 በውጭ ጉዳይ አያያዝ ላይ ድምፅ ሲያጣ ሙጭጭ ብሎ ሥልጣኑ ላይ ቢቀር ኖሮ የሰልመር ዕጣ ሊደርሰው ይችል ነበር። ለኔ ፓርላማ ውስጥ የተሸነፈ መንግሥት ይወርዳል የሚለውን አዲሱን ሕግ ሥር ያስያዘው ተቃዋሚው ወገን ራሱ ሲገዛበት ነው።

ጠርጣራው፦
አቦል፣ አታሞግሰው። በ1893 ምን ሆነ? ከስታንግ ቀጥሎ የመጣው የቬንስትረው የስቴን መንግሥት ለኖርዌይ የራሷ ቆንስላ ይኑራት ሲል ንጉሡ አላጸድቅም አለ፣ ስቴን ለቀቀ፣ ስታንግ ደግሞ አብላጫ ሳይኖረው የንጉሡን ሹመት ተቀበለ። ያ የፓርላማ ሥርዓት ነው? ስቶርቲንግ ተናዶ የንጉሡንና የአልጋ ወራሹን አበል ቀነሰ።

አቦል፦
እሱስ ልክ ነህ። ቅጣቱንም አገኘ። በጥር 1895 መልቀቂያ ቢያስገባም የሚተካው ጠፍቶ እስከ ጥቅምት በሞግዚትነት ቆየ፣ በመጨረሻ የፍትሕ ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ሃገሩፕ ጥምር መንግሥት አቋቁሞ ገላገለው።

ሰሜን ኮከብ፦
እናመሰግናለን። ግራም በ1893ም ስቶክሆልም ነበር ማለት ነው?

የመዝገብ ቤት ልጅ፦
አዎ፣ ሃገሩፕም ሲመጣ አልተነሳም። እስከ 1898 እዚያው ነው።