የመገጭ ወንዝ የዓሣ ጥናት፦ የጋራ ዕቅዳችንን እንቅረጽ

ሰብሳቢ፦
ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ምሩቃን ማኅበራችን ዘንድሮ አንድ የጋራ የምርምር ዕቅድ እንዲያቀርብ ተስማምተናል። እስካሁን በእጃችን ያለው ርዕስ «በወንዞች ውስጥ ወራሪ ዓሦችን መቆጣጠር» የሚል ነው። የማስተርስ ተማሪዎቻችን የመመረቂያ ሥራቸውን ከዚህ ይወስዳሉ፤ ሌሎቻችን እናግዛለን። የሚታያችሁን ሁሉ ጻፉ። ረቂቁን የማጠናቅረው እኔ ነኝ።

የማስተርስ ተማሪ፣ ባዮሎጂ፦
እኔ ካርፕ በተባለው መጤ ዓሣ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ። ዝዋይና ቆቃ ገብቶ ተላምዷል። ጭቃውን እየመጠጠ ስለሚመገብ ውኃው ይደፈርሳል፣ ተክሉ ከሥሩ ይነቀላል። አንዲት ትልቅ ካርፕ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። በአውስትራሊያ መሪ-ዳርሊንግ በሚባሉት ወንዞች ውስጥ ከዓሣው ጠቅላላ ክብደት ከ80 በመቶ በላይ ካርፕ የሆነበት ቦታ አለ። እነሱ ብዙ መቆጣጠሪያ ዘዴ ሞክረዋል። አንዱን መርጠን መገጭ ላይ ብንፈትሸው ምን ይመስላችኋል?

ከጎርጎራ፣ አባል፦
እህቴ፣ ትጋትሽ ደስ ይላል። ግን እዚህ ከመረብ የሚወጣው ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ነው። ካርፕ ይዞ የመጣ አጥማጅ አላየሁም። የሌለ ዓሣ እንዴት እንቆጣጠራለን?

መምህር፣ ጡረተኛ፦
ይሄ ጥያቄ ዕቅዱን ከመሠረቱ ያቃናዋል፤ ስለዚህ ትንሽ ላብራራ።

ጣና ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በላይ ተነጥሎ የኖረ ሐይቅ ነው። ፏፏቴው ወደ 40 ሜትር ይደርሳል፤ ከታች የሚመጣ ዓሣ አይወጣውም። በዚህ መነጠል ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ተከፋፍሎ ከ15 በላይ ዝርያ ሆኗል። አብዛኞቹ ከጣናና ከገባሮቹ ውጭ አይገኙም። ግማሽ ያህሉ ክረምት ሲገባ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ይወጣሉ። ጠጠር ያለበት፣ የጠራና አየር የሞላው ውኃ ይፈልጋሉ፤ እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ቁጥራቸው ደግሞ ተጎድቷል። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል ክምችታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መውረዱ ተመዝግቧል። መንገድ ላይ መረብ እየተዘረጋባቸው ነው የሚሄዱት።

እንግዲህ ሐይቁ ከታች ዝግ ነው። ክፍት የሆነው ከላይ ነው፤ ግድቡና የገበሬው ኩሬ። አንገረብ ግድብ ውስጥ የተለቀቀ የዓሣ ጫጩት ጎርፍ ሲመጣ በማፍሰሻው ሊወርድ ይችላል። ከዚያ መገጭ፣ ከመገጭ ጣና። ጎንደር ላይ የሚደረግ ነገር ደንቢያና ጎርጎራ ላይ ይታያል ማለት ነው። እኔ የምለው፣ ጥናቱ ካርፕን ስለመግደል ሳይሆን እንዳይገባ ስለመጠበቅና ከገባም ቶሎ ስለማወቅ ይሁን።

የማስተርስ ተማሪ፣ ባዮሎጂ፦
መምህር፣ እርስዎ እንዳሉት ከሆነ «መቆጣጠር» የሚለው ቃል ከርዕሱ ይውጣ?

መምህር፣ ጡረተኛ፦
አይውጣ ልጄ። ግን እያንዳንዱ ዘዴ በእኛ ወንዝ ላይ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ አንድ ምዕራፍ ይኑረው። እስካሁን እንዲህ ተደርጎ የተጻፈ ዕቅድ አላጋጠመኝም።

የፒኤችዲ ተማሪ፣ አካባቢ ሳይንስ፦
እዚህ ላይ ልጨምር፤ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነውና። በዓለም ላይ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ እኛ ጋ ሲመጡ ስለታቸው በራሳችን ዓሣ ላይ ነው የሚያርፈው።

መከላከያ ግንብ እንውሰድ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላምፕሬይ የተባለውን ደም መጣጭ ዓሣ ወደ ወንዝ ወጥቶ እንዳይራባ በግንብ ያግዱታል። መገጭ ላይ ግንብ ብንሠራ ግን መጀመሪያ የሚታገደው ነጭ ዓሣ ነው። እሱም ለመራባት ወደ ላይ ይወጣልና።

አውስትራሊያዎች ደግሞ ዓሣ ግድብ አልፎ እንዲወጣ በተሠራ መሻገሪያ ላይ የሚተከል የሽቦ ቤት አላቸው። ካርፕ መሰናክል ሲያይ ይዘላል፤ የአገሩ ዓሦች ግን ብዙውን ጊዜ አይዘሉም፤ ተለይተው ይለቀቃሉ። በዚህ ይለያዩና የዘለለው ወጥመድ ውስጥ ይቀራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነጭ ዓሣም የሚዘል ከሆነ ግን ወጥመዱ የሚሞላው በእኛው ነው። ይሄን መመልከት ለአንድ ማስተርስ የሚበቃ ጥያቄ ይመስለኛል።

ሦስተኛው መርዝ ነው። ሮቴኖን የሚባለው ዓሣው ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ሴሉ ውስጥ ይዘጋበታል። በደቡብ አፍሪካ ሮንዴጋት ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ባስ የተባለውን መጤ አዳኝ ለማጥፋት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ባለው ክፍል ተጠቅመውበታል፤ በዓመቱ ደግመውታል። የአገሩ ዓሦች ከላይኛው ክፍል ወርደው ቦታቸውን መልሰው ያዙ። የተሳካው ግን ከታች ባስ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያግድ ግንብ ስለነበረ ነው። በመገጭና በጣና መካከል እንዲህ ያለ ነገር የለም። ከዚያ በላይ ሰውም ከብትም የሚጠጣው ውኃ ነው።

ከጎርጎራ፣ አባል፦
ሮቴኖን ያልከው ከብርብራ ፍሬ የሚገኘው ነው አይደል? ታዲያ እኛ ጋ አዲስ አይደለም። ክረምት ዓሣው ወንዝ ሲወጣ ብርብራ ወቅጦ የሚጨምር ሰው አለ። ትልቁም ትንሹም፣ እንቁላል የያዘውም አብሮ ይንሳፈፋል። ወንድሞቼ፣ ይሄንን ሳንነካ ስለ ካርፕ ብቻ ብንጽፍ አጥማጁ አይሰማንም።

የፒኤችዲ ተማሪ፣ አካባቢ ሳይንስ፦
አዎ፣ ያው ነው። ብርብራ ውስጥ ሮቴኖን አለ። ትክክል ብለሃል፣ ይግባ።

ሰብሳቢ፦
ገብቷል። ቶሎ ማወቅ ይሻላል በሚለው የመምህር ሐሳብም እስማማለሁ። እምቦጭን ሁላችንም አይተናል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መታየቱ ሲነገር ጥቂት ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ ገበሬው በእጁ ሲነቅል፣ ማሽን ሲመጣ፣ ዘመቻ ሲጠራ እዚህ ደርሰናል። ሣሩ እንኳ ከላይ ይታያል፤ ዓሣ ከውኃ በታች ነው።

የማስተርስ ተማሪ፣ ባዮሎጂ፦
ቶሎ ማግኘት ምን እንደሚጠቅም አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ታዝማኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 ክሬሰንት ሐይቅ ላይ ካርፕ ተገኘ። ወዲያው መውጫውን በወንፊት ዘጉ። አስተላላፊ መሣሪያ የተገጠመላቸውን ወንድ ካርፖች ለቀው መንጋው የት እንደሚሰበሰብ ተከታተሉ። በ2007 የመጨረሻው ካርፕ ወጣ። ቶሎ ተደርሶበት፣ ገንዘብም እያለ፣ ለአንድ ሐይቅ 12 ዓመት ፈጀ።

ስለዚህ ርዕሴን እቀይራለሁ። ከአንገረብ ግድብ ሥር ጀምሬ መገጭ ሐይቁን እስከሚገናኝበት ድረስ ውኃ እየቀዳሁ በረቂቅ ማጣሪያ አጣርቼ የዓሣ ዲኤንኤ እፈልጋለሁ። ዓሣው ባይታይም ከቆዳውና ከዓይነ ምድሩ የሚቀር ነገር ውኃው ውስጥ ይገኛል።

ሒሳብ ያዥ፦
የዲኤንኤ ሥራው ወጪ ያሳስበኛል። ናሙናው ወደ ሌላ ቤተ ሙከራ መላክ ካለበት በጀቱ ውስጥ ከጅምሩ ይታይ። ጀልባ ግን አያስፈልግም፤ መገጭን በእግር መከተል ይቻላል። ለአጥማጆቹ የውሎ አበል እንያዝ። ቀናቸውን ለእኛ ሲሰጡ ባዶ እጃቸውን አይመለሱ።

መምህር፣ ጡረተኛ፦
የውሎ አበሉን እደግፋለሁ። ወቅቱ ላይ አንድ ነገር፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወንዝ አፍ ላይ መረብ አንዘርጋ። ነጭ ዓሣ የሚያልፍበት ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውኃ ብቻ ይቀዳ፤ የመረብ ናሙና ከኅዳር በኋላ ይሁን። ይህን ተማሪዎቹ አስተያየት እንዳይሉት፤ ግዴታ ሆኖ ይጻፍ።

ከጎርጎራ፣ አባል፦
አጥማጆቹን እኔ እሰበስባለሁ። የካርፕን ፎቶ በትልቁ አትማችሁ ላኩልኝ። በአፉ ዳር ያሉት ጢሞችና ረጅሙ የጀርባ ክንፍ በደንብ ይታዩ። ነጭ ዓሣም ጢም ስላለው እንዳይምታታባቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉት።

የማስተርስ ተማሪ፣ ባዮሎጂ፦
እልካለሁ። ብናገኝስ? ምን እናደርጋለን?

ሰብሳቢ፦
ይህን ሥራው ሳይጀመር መወሰን አለብን። ዓሣው ወደ ውኃ አይመለስም። ፎቶ ይነሳል፣ ከክንፉ ቁራጭ ተወስዶ አልኮል ውስጥ ይገባል፣ ቦታው ይመዘገባል፣ በዚያው ቀን ለዞኑ የዓሣ ሀብት ባለሙያና ለዩኒቨርሲቲው አማካሪ ይነገራል። የሚነገራቸው ሰዎችም ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲስማሙልን ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ። መምህር፣ እርስዎ አይተው ያርሙልኝ።

መምህር፣ ጡረተኛ፦
ላኪው። ከደብዳቤው ጋር የግድቡን የመግቢያ ፈቃድ ጥያቄም አያይዢው፤ እሱ ነው የሚዘገየው።